«የኛ ልጅ ነው» እያሉ መኪና ማስረከብ ይብቃን

ወገኖቼ፣ ይሄ ጽሑፍ አንዳንዶቻችሁን ያስቀይማል። ይሁን።

በኤፕሪል 2024 መጨረሻ ናይሮቢን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ያደረሰውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚያ የዝናብ ወቅት በኬንያ ከ200 በላይ ሰው አልቋል፤ ማይ ማሂዩ ላይ ሰው በተኛበት ነው ውሃ ጠርጎ የወሰደው። «ከዚያ ጋር ሲነጻጸር የመኪና ነገር ምንድን ነው?» የሚል ይኖራል። ደመወዝ ላለው ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። በአንዲት አሮጌ ቪትዝ ታክሲ እየሠራ አምስት ነፍስ ለሚያሳድር ስደተኛ ግን መኪናዋ የቤት ኪራይ ናት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ናት። አብዛኞቻችን ደግሞ ያለን የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው፤ እሱ በጎርፍ ለተበላሸ የራሳችን መኪና ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም።

ጎርፉን የላከብን ሰው የለም። ከጎርፉ በኋላ በየጋራዡ የተሠራብንን ግን ሰው ነው የሠራው።

አንድ የማውቀው ወንድም መኪናው ሌሊቱን እስከ ወንበሩ ውሃ ውስጥ አደረች። ሳያስነሳት በገመድ አስጎትቶ ወደ «የኛ ልጅ» ጋራዥ ወሰዳት። ትክክል ነው ያደረገው። መካኒኩ መጀመሪያ ምን አደረገ? ባትሪ አሰረና ቁልፍ አዞረ! ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ እያለ ሞተሩ ከተነሳ ፒስተኑ መሄጃ ያጣና ቢዬላው ይታጠፋል። ለዚህ ነው በቅድሚያ ካንዴላዎቹ ወጥተው ውሃው እንዲወጣ የሚደረገው፤ የሞተርና የካምቢዮ ዘይት ከነፊልትሮው የሚቀየረው፤ ወንበርና ምንጣፍ ወጥቶ የሽቦ መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ተፈተው የሚጸዱትና የሚደርቁት። ሥራው ያሰለቻል፣ ጊዜ ይበላል። ክፍያ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

ሦስት ሳምንት ቆየች። በአራት ጊዜ በኤምፔሳ 85,000 ሽልንግ ተከፈለ። አንድም ወረቀት የለም። መኪናዋ ታጥባ፣ ሽቶ ተረጭቶባት ተመለሰች። በዘጠነኛው ቀን ቲካ መንገድ ላይ ተሳፋሪ እንደያዘች ቢዬላው ተሰብሮ ሞተሩን በስቶ ወጣ። ሌላ መካኒክ ሲፈትሻት የቀረው ዘይት ማኪያቶ ይመስላል፤ ፊልትሮው የድሮው ነው፣ ጭቃ እንደያዘ። የሽቦ መጋጠሚያዎቹ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል፤ የተቆረጠው ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል። የ85,000 ሽልንግ ሥራ ይሄ ነው እንግዲህ።

የጋራዡ ሰው መልስ «ጎርፍ የገባባት መኪና እንዲህ ናት፣ እግዜርን ጠይቅ» የሚል ነበር።

ከዚያ ሽማግሌ ተቀመጠ። አባቶቼ ሆይ፣ በእግራችሁ ላይ ወድቄ ነው የምናገረው፤ ግን እናገራለሁ። የተሰጠው ፍርድ «አሥር ሺህ ይመልስለት፣ የቀረውን ለወንድማማችነት ብሎ ይተወው» ነበር። እስኪ ንገሩኝ፣ ለወንድማማችነት ሲባል ሁልጊዜ የሚተወው ለምንድን ነው የተበደለው ብቻ? ጋራዡም እኮ ወንድም ነው! እሱ ለምን ለወንድማማችነት ሲል ሞተሩን አይተካም? ሽምግልና የሁለት ሰው ጸብ ያበርዳል፣ ክብር አለው። ገንዘብ የበላን ሰው ከነገንዘቡ መሸኘት ግን ዕርቅ አይደለም። ያው ጋራዥ ዛሬም ክፍት ነው፤ ዛሬም በር ላይ የቆሙት የሐበሻ መኪኖች ናቸው።

«ስደተኛ ምን ሕግ አለው?» ትሉኛላችሁ። አለው። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 48 ፍትሕ የማግኘትን መብት የሰጠው ለዜጋ ብቻ ሳይሆን ለሰው ሁሉ ነው። የ2012ቱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ስለ መኪና ጥገና ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ መካኒኩ የጥገናውን ግምት በጽሑፍ መስጠት እንዳለበት፣ ከግምቱ በላይ ከአሥር በመቶ አልፎ መጠየቅ እንደማይችል፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መመለስ እንዳለበት ይናገራል። ለገባው አዲስ ወይም የታደሰ ዕቃና ለገጠመበት ሥራም ቢያንስ የ90 ቀን ወይም የ5,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና አለ፣ ቀድሞ የሞላው ይያዛል። የወንድማችን መኪና ዘጠኝ ቀን ነው የሄደችው። ዘጠኝ!

ክሱ ደግሞ ዓመታት የሚጎተት አይደለም። እስከ አንድ ሚሊዮን ሽልንግ ያለ ጉዳይ ለአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት ይቀርባል። በ60 ቀን ውስጥ እንዲወሰን ሕጉ ያዛል፤ ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። ሎግቡኩ በሌላ ሰው ስም ነው? የብዙዎቻችን እንደዚያ ነው፣ እናውቃለን። ባለስሙ በጽሑፍ ይወክላችሁ ወይም አብሯችሁ ይቅረብ። ገንዘቡ ከማን ስልክ ወደ ማን ስልክ እንደሄደ ግን ኤምፔሳው ይመሰክራል።

ፖሊስ እያስጨነቀን፣ መታወቂያችን እድሳት ላይ እያለ ፍርድ ቤት መግባት እንደሚያስፈራ አይጠፋኝም። ይህን ፍርሃት ከኛ በላይ ጠንቅቆ የሚያውቀው ግን «የኛ ልጅ» ነው። ኬንያዊ ደንበኛ ሲመጣ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ለኛ ሲሆን «በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላል።

በጂዳ፣ በቤይሩት፣ በሚኒሶታ ሆናችሁ ለጥገና ብላችሁ ገንዘብ የምትልኩ እህቶችና ወንድሞች፣ እናንተም ስሙኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ «በላው» ብላችሁ ወንድማችሁን አትስደቡት። ይልቅ ከመላካችሁ በፊት የጋራዡን የጽሑፍ ግምት ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። በሰው ቤት ታጥባችሁ፣ ተኩሳችሁ ያገኛችሁት ገንዘብ ነው፤ ጋራዡ ለዚያ ገንዘብ አንድ ገጽ መጻፍ አይክበደው።

ሐቀኛ መካኒኮች አሉን፣ ስማቸውን ቤታችን ያውቀዋል። እነሱም ስደተኞች ናቸው፣ የሥራ ፈቃድ ለማግኘት ፍዳቸውን የሚያዩ። በጎርፍ የሰጠመ መኪና በንጹሕ እጅ ተሠርቶም ሊከዳ ይችላል፤ ይሄም እውነት ነው። ሐቀኛው ግን አስቀድሞ «ይህቺ መኪና አታዋጣህም፣ ለመለዋወጫ ሽጣት» ይልሃል። በዚህ ምክር አንድ ሽልንግ አያተርፍም።

አሁን ጉዳይ ያለባችሁ፦ የኤምፔሳውን መልእክት አታጥፉ። ከመካኒኩ ጋር የተጻጻፋችሁትንም እንደዚሁ። ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት በቪዲዮ ቅረጹ፤ አሮጌውን ዕቃ ውሰዱ፣ ቆሻሻ ነው ብላችሁ አትጣሉ። ለጋራዡ ቀን የተጻፈበት የጥያቄ ደብዳቤ ስጡና ቅጂውን ያዙ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ደብዳቤውን አብረን እናዘጋጃለን። የወንድማችን ደብዳቤ ማክሰኞ ገብቷል።