የአባት መኪና ለምን ከአባት ጋር ይቀበራል?

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሁፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የጅቡቲ መንገድ ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ያቺን ኮከብ ያውቃታል። ሰማያዊ መደብ ላይ ያለች ነጭ ባለ ሰባት ጫፍ ኮከብ፣ ከጎኗ «ማርስክ» የሚል ጽሁፍ። ተሳቢ ላይ ተጭና ታልፋለች፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተደርድራ ትታያለች፣ ዕድሜዋን ስትጨርስ ደግሞ በርና መስኮት ይቆረጥላትና የሰፈር ሱቅ ትሆናለች። ክፍል ውስጥ ስለ ዓለም ንግድ ሳስተምር «ማርስክ የማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ግማሹ «የአሜሪካ!»፣ ግማሹ «የቻይና መንግሥት!» ይላል። የአንድ ቤተሰብ ነው ስላቸው ይስቁብኛል።

ግን እውነት ነው። ታሪኩንም የምተርክላችሁ ለጠቅላላ እውቀት ብቻ ሳይሆን እኛን የሚመለከት ነገር ስላለው ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፒተር ማርስክ ሞለር የሚባል ዴንማርካዊ የመርከብ ካፒቴን ነበር። ሃይማኖተኛ ሰው ነው። ሚስቱ ታማ በጭንቀት ሲጸልይ ከሰማይ የኮከብ ምልክት ለመነ፤ የዚያን ምሽት መታሰቢያ ብሎም 1886 ላይ በመርከቡ ጭስ ማውጫ ላይ ኮከቧን አስቀመጠ። 1904 ላይ፣ ማለትም ባቡራችን ከጅቡቲ ድሬዳዋ በገባ በሁለት ዓመቱ፣ ይህ ካፒቴን ከልጁ ከአርኖልድ ጋር ሆኖ ስቬንድቦርግ በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ኩባንያ አቋቋመ። ሀብታቸው ምን ነበር? አንድ ያገለገለ የእንፋሎት መርከብ። በኛ አነጋገር «አንድ አሮጌ መኪና ገዝተው ጀመሩ» ማለት ነው።

ልጁ አርኖልድ ግን ከአባቱ ቤት ወጥቶ የማያውቅ ልጅ አልነበረም። በእንግሊዝ፣ በጀርመንና በሩሲያ በሰው ድርጅት ተቀጥሮ ሥራውን ተምሮ ነው የተመለሰው። ይቺን ያዙልኝ።

ቀጥሎ 1940 መጣ። ጀርመን ዴንማርክን ወረረች። አርኖልድ በዚያው ዓመት ገና 30 ያልሞላውን ልጁን ማክ ኪኒን የኩባንያው አጋር አደረገውና ኒውዮርክ ላከው። ልጁም ከአገር ውጭ የቀሩትን መርከቦች ጉዳይ በጦርነት መሃል ከዚያ ሆኖ ተከታተለ። አባትየው የሞተው 1965 ላይ በ88 ዓመቱ ነው። አስቡት፤ ልጁ ኩባንያውን ሲረከብ አባቱ አጠገቡ እያለ ለ25 ዓመት በኃላፊነት ሠርቷል። ቀብር ላይ የተጀመረ ርክክብ አልነበረም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን 1953 ላይ የተደረገው ነው። አርኖልድ አንድ ፋውንዴሽን አቋቋመና የኩባንያውን ዋና የመወሰን ድምፅ ለልጆቹ በየስማቸው ከማከፋፈል ይልቅ ለፋውንዴሽኑ ሰጠ። ዛሬም ከግማሽ በላይ የሆነው ድምፅ በፋውንዴሽኑ ሥር ነው። ከትርፉም ለሕዝብ ጥቅም ይውላል፤ 2005 ላይ የተከፈተው የኮፐንሃገን ኦፔራ ቤት የተሠራው በዚሁ ገንዘብ ነው። መላእክት ናቸው እያልኩ አይደለም። ቤተሰቡ ሥልጣኑን ያስከበረበት ብልሃትም ነው። ዋናው ነጥብ፣ አንድ ወራሽ ተነስቶ «ድርሻዬን ቆርሳችሁ ስጡኝ፣ መርከቡ ይሸጥ» እንዳይል አድርጎ አስሮታል።

1993 ላይ ደግሞ ማክ ኪኒ ሥራ አስኪያጅነቱን ከቤተሰቡ ውጭ ለሆነ ሰው አስረከበ። ቤተሰቡ ግን ከላይ መቆጣጠሩን አልተወም። ዛሬ የቦርዱ ሰብሳቢ የአርኖልድ የልጅ ልጅ ልጅ ነው።

«ይሄ እንኳ የዴንማርክ ዕድል ነው» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ሌላ ልጨምር። 2022 ላይ ማርስክን በልጦ የዓለም አንደኛ የኮንቴነር መርከብ ድርጅት የሆነው ኤም ኤስ ሲ፣ 1970 ላይ አንድ ጣሊያናዊ ካፒቴን ባንድ ያገለገለ መርከብ የጀመረው ነው፤ ዛሬም የቤተሰብ ነው። ሦስተኛውን ሲኤምኤ ሲጂኤምን የመሠረተው ከሊባኖስ ጦርነት ሸሽቶ ፈረንሳይ የገባ ሰው ነው፤ አሁን የሚመራው ልጁ ነው። የዓለማችን ሦስቱ ታላላቅ የኮንቴነር ድርጅቶች ሦስቱም በቤተሰብ እጅ ናቸው!

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

አንድ ተማሪ ነበረኝ። አባቱ ከረዳትነት ተነስቶ ሹፌር፣ ከዚያ በእቁብና በብድር ሁለት ከባድ መኪና ከነተሳቢው ባለቤት የሆነ ጠንካራ ሰው ነበር። ልጁ 11ኛ ክፍል እያለ አባትየው ድንገት አረፈ። ሊብሬው በሟች ስም ነው። ማን ብድር አለበት፣ ከማን ይፈለጋል፣ ሁሉም በሟች ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ልጆቹ ከሁለት እናት አምስት ናቸው። ከአርባው በኋላ ፍርድ ቤት ገቡ። መኪኖቹ ግቢ ውስጥ ቆመው ጎማቸው በፀሐይ ተሰነጣጠቀ። በመጨረሻ ተሸጠው፣ ዕዳና የጠበቃ ተከፍሎ፣ የተረፈው ሲካፈል ለአንዱ ልጅ ባጃጅ እንኳ የሚገዛ አልሆነም። የ30 ዓመት ላብ በሦስት ዓመት አለቀ። ይህን የምታነቡ ስንቶቻችሁ «ይሄ እኮ የኛ ቤት ታሪክ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ።

«የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ነን። ይሄ ተረት የልጆች ክፋት ብቻ አይመስለኝም። አባት ደንብ ሳይተው ሲሄድ፣ ደህናው ልጅም «ዝም ብዬ ባየሁ እኔ ብቻ ልቅር?» ይላል።

ሕጋችን ልጆችን እኩል ያወርሳል፤ ትክክልም ነው። ችግሩ መኪና እንደ ዳቦ አይቆረስም። የሚቆረሰው ድርሻ ነው። መኪናው በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስም ከሆነ ልጆቹ የሚወርሱት ድርሻውን ነው፤ መኪናው ሥራውን ይቀጥላል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። «አጋር የለኝም» የሚለው ምክንያት አከተመ ማለት ነው።

አንዳንዶቻችሁ «መምህር፣ ደርግን ረሳኸው?» ትሉኛላችሁ። አልረሳሁም። በ1967 ዓ.ም. ብዙዎች የለፉበትን ድርጅትና ቤት በአዋጅ ተነጥቀዋል። ከዚያ ወዲህ ነው መሰለኝ አባቶቻችን ሀብትን መደበቅ የለመዱት። ለመንግሥት ብቻ ሳይሆን ለሚስትና ለልጅም። ስለ ኑዛዜ ስታነሳበት «ሞቴን ትመኛለህ እንዴ?» የሚል አባት ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ግን ደርግ ከወደቀ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ ብዙውን መኪና የሚወርሰው መንግሥት ሳይሆን የቤተሰብ ጠብ ነው።

ስለዚህ መኪና፣ መጋዘን ወይም የትራንዚት ቢሮ ላላችሁ አባቶችና እናቶች፣ ለድሮ ተማሪዎቼም (አሁን የመኪና ባለቤት የሆናችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ) የምለው ይሄን ነው።

የድርጅቱን ኪስ ከቤት ኪስ ለዩ። ራሳችሁም ብትሆኑ ደመወዝ ቆርጣችሁ ውሰዱ። ዕዳውንና ተሰብሳቢውን በደብተር ጻፉ፤ ደብተሩ የት እንዳለ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቅ። ልጃችሁን፣ ሴት ልጃችሁንም ጭምር፣ መጀመሪያ ሰው ድርጅት ልካችሁ አሠሯት፤ ከዚያ እናንተ በሕይወት እያላችሁ ኃላፊነት ስጧት፣ ስትሳሳት አርሟት። የሚችል ልጅ ከሌለ የሚችል ሰው ቅጠሩ፣ ልጆች ደግሞ ባለድርሻ ሆነው ይቆጣጠሩ። ኑዛዜውንም ጤነኛ ሆናችሁ ጻፉት።

አርኖልድ ለልጁ ያወረሰው መርህ በዴንማርክ ቋንቋ ታዋቂ ነው። ሐሳቡ፣ በጊዜው ጥንቃቄ ቢደረግ ኖሮ ሊቀር የሚችል ጉዳት አያግኘን ነው። ለኛ ግን ከዴንማርክ መዋስ አያስፈልገንም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለን የጨረስነው ነገር ነው። የቀረን ማድረጉ ነው።

እስቲ በናንተ ቤተሰብ ወይም ሰፈር ከአባት ወደ ልጅ በሰላም የተሻገረ ድርጅት ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እንዴት እንዳደረጉት ለተማሪዎቼ ማሳየት እፈልጋለሁ። ቸር እንሰንብት!