ስለ አሮጌው የጨዋታ መሣሪያና ስለ አዲሱ ቴሌቪዥን

አባት በልጅነቱ የተጫወተበትን የቴሌቪዥን ጨዋታ መሣሪያ ከሣጥን አውጥቶ ከልጁ ጋራ ሊጫወትበት መፈለጉ ቤተ ሰብን የሚያቀራርብ መልካም አሳብ ነው። ነገር ግን አሮጌው መሣሪያ ከአዲሱ ፍላት ቴሌቪዥን ጋራ በተገናኘ ጊዜ ደስታው ብዙውን ጊዜ ወደ ንዴት ይለወጣል። ልጁ ለመዝለል የጆይስቲኩን ቁልፍ ሲጫን፥ በስክሪኑ ላይ ያለው ሰው የሚዘለው ገደል አፋፍ ካለፈ በኋላ ይሆናል። ያን ጊዜ አባት ልጁን «ፈዛዛ» ይለዋል፤ ወይም መሣሪያው አርጅቷል ብሎ ሊጥለው ይነሣል። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደ ተባለ፥ ከመፍረድ በፊት ምክንያቱን መመርመር ስለሚገባ በዛሬው ዐምዳችን ስለዚሁ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ለምሳሌ ያህል ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983 በአገሩ፥ በ1985 ደግሞ በአሜሪካ ለገበያ ያቀረበውን መሣሪያ እንውሰድ። ይህ መሣሪያ ባለ 240 መስመር ሥዕል በየሰከንዱ 60 ጊዜ ያህል ይልካል። የዚያ ዘመን ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን እያንዳንዱን መስመር እንደ ደረሰው ወዲያው በመስተዋቱ ላይ ይሥለው ነበር። የዛሬው ቴሌቪዥን ግን ሥዕሉን አከማችቶ፥ አስፍቶና አስጊጦ ነው የሚያሳየው። ይልቁንም ብዙዎቹ፥ የመጣላቸው በሁለት ግማሽ የሚላክ ባለ 480 መስመር ሥዕል እየመሰላቸው፥ ግማሾቹን ለማጋጠም ሌላውን ይጠብቃሉ። አንዱ ሥዕል 17 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚቈይ፥ 100 ሚሊሰከንድ የሚዘገይ ቴሌቪዥን ተጫዋቹን በስድስት ሥዕል ወደ ኋላ ያስቀረዋል። እንግዲህ ጥፋቱ የልጁም የመሣሪያውም አይደለም።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? አንደኛ፥ ምንም ገንዘብ ሳይወጣ በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚባለውን መክፈት ነው፤ ይህም የማስጌጡን ሥራ ስለሚያስቀር መዘግየቱን እጅግ ይቀንሰዋል። ሁለተኛ፥ ይህ ያልበቃው ሰው መለወጫ ሲገዛ፥ ሙሉውን ሥዕል ሳይጠብቅ መስመሩን እንደ ደረሰው እጥፍ አድርጎ በኤች ዲ ኤም አይ የሚያሳልፈውን ይምረጥ። ኦ ኤስ ኤስ ሲ እና ሬትሮቲንክ 2ኤክስ የተባሉት እንዲህ ያሉ ናቸው። ሆኖም የመጀመሪያው ኦ ኤስ ኤስ ሲ በቢጫው ገመድ የሚመጣውን ሥዕል አይቀበልም፤ ከዚህ በላይ ለጠቀስነው የኒንቴንዶ መሣሪያ የሚስማማው ሬትሮቲንኩ ነው። መለወጫው የቴሌቪዥኑን የራሱን መዘግየት ስለማያስቀር፥ ጌም ሞዱ እንደ ተከፈተ ይቈይ።

ሦስተኛ፥ በቤቱ ደኅና ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ያለው ሰው አይጣለው። ዳክዬ በሽጉጥ የሚመታበት «ደክ ሀንት» የተባለው ጨዋታ እንኳ፥ ሽጉጡ የቱቦውን ብርሃን በቅጽበቱ ለማየት የተሠራ በመሆኑ፥ በአዲሱ ቴሌቪዥን ላይ እንደ ወትሮው አይሠራም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጁ ገደል በገባ ቍጥር ከመቈጣት በፊት ሴቲንጉን እንመልከት። በማይገባ ነቀፋ ያዘነ ልጅ ሁለተኛ ከአባቱ ጎን ለመቀመጥ ይሣቀቃልና።