ከምድር በላይ የተለካው፣ ከምድር በታች የተገመተው

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 መገባደጃና በ2025 መባቻ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀዬያቸውን ለቀዋል። በባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻቸው በስልክ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ «እሳተ ገሞራው ይፈነዳል ወይ?» በዚያው ሰሞን ከሳተላይት ራዳር የተገኙ ባለ ቀለም ምስሎች በስፋት ተሰራጩ። ብዙ ሰው የከርሰ ምድሩን ፎቶግራፍ ያየ መሰለው። ነገር ግን ራዳር የሚለካው የምድር ገጽ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ብቻ ነው፤ ከታች ያለው ቅልጥ ዐለት በስሌት የሚደረስበት ነው።

ይህ ስሌት በሒሳብ ቋንቋ የተገላቢጦሽ ችግር ይባላል። ምክንያቱን አውቆ ውጤቱን ማስላት የተለመደው መንገድ ነው፤ እዚህ ግን ውጤቱ ተለክቶ ምክንያቱ ይፈለጋል። ጭስ እሳት መኖሩን ይናገራል፤ የማገዶውን ብዛት ግን አይናገርም።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዣክ ሃዳማርድ በ1902 እንዳስቀመጠው፣ በአግባቡ የቀረበ ችግር መፍትሔ ሊኖረው፣ መፍትሔው አንድ ብቻ ሊሆን፣ በመረጃው ላይ በሚፈጠር ጥቂት ለውጥም ሊናወጥ አይገባም። የተገላቢጦሽ ችግሮች አብዛኛውን ጊዜ ይህን መስፈርት አያሟሉም። መለኪያዎች ጥቂትና ስህተት ያለባቸው ሲሆኑ፣ ጥልቅና ግዙፍ የቅልጥ ዐለት ክምችት ወደ ገጽ ከቀረበ ትንሽ ክምችት ጋር ሊምታታ ይችላል። ለነዋሪው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመቆየትና የመሸሽ ልዩነት ነው።

ሩሲያዊው አንድሬይ ቲኮኖቭ በ1963 ያቀረበው መላ፣ መረጃውን ከሚመስሉ መፍትሔዎች መካከል የተረጋጋውንና ለስላሳውን መምረጥ ነው። ዘዴው ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል። ሆኖም የልስላሴውን መጠን የሚወስነው ተመራማሪው ነው። ጥቂት ካለሰለሰ የመለኪያው ስህተት እንደ እውነት ይገባል፤ አብዝቶ ካለሰለሰ እውነተኛው ዝርዝር ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምስል ከመረጃው ሌላ የሰው ውሳኔም አለበት።

ይህ ማለት ስሌቱ አይታመንም ማለት አይደለም። በ2005 በአፋር ዳባሁ ምድር ስትሰነጠቅ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝምና እስከ 8 ሜትር የተከፈተ ስንጥቅ በቅልጥ ዐለት መሞላቱ የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። ውጤቱን ያጠናከረው ግን ሳተላይቱ ቦታውን ከተለያየ አቅጣጫ ማየቱ፣ ግኝቱም ከመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብና ከመስክ ምልከታ ጋር መመሳከሩ ነው።

እንግዲህ ለሕዝብ የሚነገር ማንኛውም የጥልቀትና የመጠን ግምት ከነስህተት ወሰኑ ሊነገር ይገባል። «5 ኪሎ ሜትር» ብሎ መናገር እና «ከ3 እስከ 8 ኪሎ ሜትር» ብሎ መናገር አንድ አይደሉም። ጥርጣሬን መግለጥ ሕዝብን ያስደነግጣል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን በእርግጠኝነት የተነገረ ቁጥር በማግስቱ ሲለወጥ የሚጠፋው እምነት ከድንጋጤው ይብሳል። ከዚህም ጋር በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የሚተከሉ የጂፒኤስና የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ጣቢያዎች መብዛት አለባቸው። የሒሳቡ ዘዴ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ያልተለካን ነገር ከባዶ ሊፈጥር አይችልም።