ጾመኞቹና ድመቲቱ

ስለ ጾም የሚጻፍ ነገር ከሊቃውንትና ከሽማግሌዎች ይጠበቃል እንጂ ከእኛ ከጥበባት ፋኩልቲ ተማሪዎች አይጠበቅም። ስለ ድመትማ በማኅበራችን መጽሔት ላይ የሚጽፍ ይኖራል ብሎ የሚገምት ከቶ የለም። እኛ ሁለቱን ባንድ ገጽ ለመጻፍ የተነሣነው ግን ለጨዋታ ያህል አይደለም። አንዲት ድመት ወደ መኝታ ክፍላችን መጥታ ስለ እምነታችንም ስለ ሆዳችንም ሳንወድ አስጠየቀችን። መልሱን ገና በሙሉ ስላላገኘነው ጥያቄውን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

ነገሩ የተጀመረው አምና ነው። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ደጋግማ መንቀጥቀጧን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በታኅሣሥና በጥር ወራት ነገሩ በረትቶ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ትቶ ወጣ። እኛ በአንድ ክፍል የምንኖር አራት ነን፤ ሁለታችን ሙስሊሞች፣ ሁለታችን ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች። ከመካከላችን አንዱ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ልጅ ነው። በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ወደ አገሩ ሄዶ አክስቱን ከነልጆቿ በሸራ ድንኳን ሥር አገኛት። ቤታቸውን ለማየት ቢሄድ ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ በሩ ወልቋል። በግቢው ውስጥ ከውኃ በርሜል ሥር ከተሸጎጠች አንዲት የእጅ መዳፍ ከማትሞላ የድመት ግልገል በቀር ነፍስ ያለው ነገር አልነበረም። እርሱም ግልገሊቱን በሳሙና ካርቶን አድርጎ፣ በገዋኔና በሚሌ በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሰመራ አደረሳት።

ስም ለማውጣት አንድ ሙሉ ማታ ተከራከርን። አንዱ «ፈንታሌ ትባል» ቢል የአዋሹ ልጅ ፊቱን አጠቆረ። በዚያን ጊዜ ያ ስም ለእርሱ የተራራ ስም ብቻ አልነበረም። በመጨረሻ ከሰባት ኪሎ ስለ መጣች «ሰባት» ተባለች። መኝታዋም በረንዳው ላይ ሆነ።

ጭንቀቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገባ። በአምስት ቀን ልዩነት ክፍላችን በሙሉ ጾመኛ ሆነ። ግማሾቻችን ከሥጋና ከወተት፣ ግማሾቻችን ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከውኃም ጭምር ተከለከልን። ታዲያ ሰባት ምን ትብላ? በመጀመሪያው ቀን እንጀራ በሽሮ አቀረብንላት። አሸተተችና እኛን ቀና ብላ አየችን። የደብረ ማርቆሱ ባልንጀራችን «ለዚህች ድመት የንስሐ አባት አልተሰጣትም» ብሎ አሳቀን።

ነገር ግን ሳቁ ሦስት ቀን አልቆየም፤ ግልገሊቱ እየከሳች ሄደች። የእንስሳት ሕክምና የሚማር አንድ ወዳጃችንን ብንጠይቀው ወቀሰን። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት አለን። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር እንደ ውሻ ወይም እንደ ሰው በሰውነቷ በበቂ መጠን መሥራት ስለማትችል ከሥጋ ካላገኘችው ውሎ አድሮ ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሷን ያጠፋባታል፤ ስለዚህ ያ ለእኛ የጣፈጠን ወጥ ለእርሷ መርዝ ነው። ወተት ያልናችሁ እንደሆነም ብዙዎቹ ድመቶች ካደጉ በኋላ የላም ወተት አይስማማቸውም፣ ሆዳቸውን ያውካል። እኛ በደግነት ልንገድላት ነበር ማለት ነው።

ሥጋ መግዛት የግድ ሆነ። ግን ማን ይግዛ? የደብረ ማርቆሱ ልጅ «በሁዳዴ እጄን ሥጋ አላስነካም» አለ። የዱብቲው ልጅ በበኩሉ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ በዚያ ሐሩር ሎጊያ ድረስ መመላለስ እንደሚያደክመው ነገረን። እንዲህ ስንል የዱብቲው ልጅ ሁለት ነገር አወሳ። አንደኛው ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ ራሷም ለቃማ እንድትበላ ሳትፈታት በረኃብ ስለ ገደለችውና በዚህ ምክንያት ስለ ተቀጣችው ሴት ነቢዩ መሐመድ የተናገሩት ነው። ሁለተኛው በውኃ ጥም ለሚሞት ውሻ ከጉድጓድ በጫማው ውኃ ቀድቶ በማጠጣቱ ኃጢአቱ የተማረለት ሰው ነገር ነው። ይህን ጊዜ የደብረ ማርቆሱ ልጅ ዝም ብሎ ቆየና በእናቱ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል አነሣ። በግራ ቀኛቸው አንበሶችና ነብሮች ከብበዋቸው፣ አንዲት ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ የሚታዩበትን ሥዕል ማለታችን ነው። «ለወፍ እንባቸውን ያጠጡ አባት ለድመት ሳንባ መግዛቴን አይቆጡም» ብሎ ተነሣ። ሎጊያም ወርዶ ከልኳንዳ ቤት ሳንባ ገዝቶ መጣ። ባለ ልኳንዳው አንገቱ ላይ ማተብ አይቶ «ልጄ፣ ጾም አይደለህም እንዴ?» ቢለው «እኔ ጾመኛ ነኝ፣ የላከችኝ ግን አትጾምም» ብሎ መለሰለት አሉ። ሽማግሌው ስቀው ጣፊያ ጨመሩለት።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ደስ የሚል ተረት ይመስላል። እኛም በደግነታችን ተደስተን ነበር፤ ድመቲቱን ከበን ሥጋዋን ስትበላ እያየን ስለ ሃይማኖቶች መከባበር እናወራ ነበር። አንድ ማታ ግን የአዋሹ ልጅ ጾሙን በተምርና በውኃ ከፈታ በኋላ እንዲህ አለ፦ «ለሰባት በየሁለት ቀኑ ሳንባ ይገዛል። አክስቴ ዛሬ ጾሟን በምን እንደ ፈታች ከመካከላችሁ የጠየቀ አለ?»

ማንም አልመለሰም። ድመቲቱን ያመጣት እርሱ ራሱ ነውና ድመት ይጠላል ልንለው አንችልም። ቅናት ነው እንዳንል የሚያነጻጽረው የሰው ነፍስን ነው። ያን ሌሊት ብዙ አልተኛንም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ እንስሳ» ብሎ ይፈርድ ይሆናል። ፍርዱ ልክ ይመስላል፤ የእኛን በደል ግን አይነካውም። የአዋሹ ልጅ አክስት የተረሳችው ድመት ስለ መጣች አይደለም፤ ድመቲቱ ከመምጣቷ በፊትም ተረስታ ነበር። የሳንባው ዋጋ ቀላል ነው። ታዲያ ገንዘባችን ወዴት ይሄዳል ብለን ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥንና የሳምንቱን ወጪ አሰብን። ያገኘነው ነገር አሳፈረን። በጾሙ ሳምንት ያወጣነው በፍስኩ ሳምንት ካወጣነው በልጦ ተገኘ!

እንዴት ቢሉ፣ ክርስቲያኖቹ ከሥጋ ተከልክለን የጾም ኬክ፣ የድንች ጥብስና ለስላሳ መጠጥ ለምደናል። ሙስሊሞቹ ደግሞ ቀኑን ታግሠን ማታ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ስኳር የበዛበት ጭማቂ እናጋብሳለን። ሁላችንም ትተናል የምንለውን በሌላ በር አስገብተነዋል። ጾሙ ከሥጋ ነጋዴው ኪስ አውጥቶ በጣፋጭ ነጋዴው ኪስ ከመክተት በቀር ምን አደረገ?

ቅጣቱም አልዘገየም። የደብረ ማርቆሱ ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእህልና ከውኃ ተለይቶ ይቆይና ከዚያ በድንች ጥብስና በለስላሳ ይውላል። በፈተና ሰሞን አንድ ቀን ከመታጠቢያ ቤት በር ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። የመረመረችው እኅት ነርስ «ልጄ፣ ይህ ደብረ ማርቆስ አይደለም፤ እዚህ ሰውነትህ በላብ ውኃም ጨውም ያወጣል፤ ከጾምህ ውጭ ባለው ሰዓት ካልተካኸው ትወድቃለህ» አለችው። ደግማም ሁለቱም ሃይማኖቶች በሽተኛን እንደማያስገድዱ አስታወሰችው። እውነት ነው፤ በእስልምና የታመመና መንገደኛ ጾሙን በሌላ ቀን ይተካል። በእኛም ቤት ለታመመ ሰው የንስሐ አባቱ ይፈቅዱለታል። ጾም ራስን ለመግዛት እንጂ ራስን ለመግደል አልተሠራም።

እዚህ ላይ ስለ ምግብ ጥቂት እንበል፤ ዕውቀቱ አዲስ አይደለም፣ ከእናቶቻችን ጓዳ የተረሳ ነው። ምስር፣ ሽንብራና ባቄላ ከጤፍ እንጀራ ጋር ሲበሉ አንዱ የጎደለውን የፕሮቲን ዓይነት ሌላው ይሞላዋል። ጎመንና ምስር ላይ ሎሚ ቢጨመቅበት ሰውነት ብረቱን በይበልጥ ይወስዳል። በአንጻሩ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ወዲያው ሲጠጡ ብረቱን ያስቀራሉ፤ ስለዚህ ትንሽ ማቆየት ይሻላል። ተልባና ሱፍ ጥሩ ቅባት አላቸው። በሶ በውኃ ተበጥብጦ ቁንጥር ጨው ቢጨመርበት ከማናቸውም ባለ ጠርሙስ መጠጥ ይልቅ ለሰመራ ሙቀት ይስማማል። የዱብቲው ልጅ እናት ደግሞ ጾም የሚፈቱት በተምርና በውኃ፣ ቀጥሎም በግመል ወተት ነው፤ ዋናው ምግብ ከሶላት በኋላ ይቀርባል። በባዶ ሆድ ላይ ጥብስ የማይጫንበት ጥበብ ይህ ነው። ይህ ሁሉ ከእኛ ኬክና ሳምቡሳ ይረክሳል። ጤናና ቁጠባ ብዙ ጊዜ በአንድ መንገድ እንደሚሄዱ የተማርነው በዚህ ነው።

ከዚያ ማታ ጀምሮ አንድ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ በመስኮቱ ላይ አኖርን። ለስላሳና ጥብስ ለመግዛት ያማረው ሰው ዋጋውን በጣሳው ውስጥ ይጥላል። ዓርብ ዓርብ ማታ ተቆጥሮ ከላዩ የሰባት ሳንባ ይነሣለታል፤ የቀረው በአዋሹ ልጅ እጅ ለአክስቱ ይላካል። በጾም ውስጥ የተራበን ማብላት ከጾሙ እንደማይለይ ነቢዩ ኢሳይያስ ከብዙ ዘመን በፊት ተናግሯል። በረመዳንም የተቸገረን ማስፈጠር ታላቅ ምንዳ አለው። እኛ ሁለቱንም እናውቅ ነበር፤ ጣሳ ግን አልነበረንም።

የላክነው ገንዘብ ብዙ እንዳይመስላችሁ። ለአንድ ቤተሰብ ጥቂት ዱቄትና ዘይት ቢገዛ ነው፤ የተሰነጠቀውን ግድግዳ አልጠገነም። ሴትዮዋ ገንዘቡ ሲደርሳት በስልክ መረቀችን። «ልጆቼ፣ አላህ ከክፉ ይጠብቃችሁ፤ ትምህርታችሁን ያቅናላችሁ» ካለች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያች ግልገልስ? ትበላለች ወይ?» ብላ ጠየቀች። ለካ ግልገሊቱን ፈልጎ እንዲያወጣት የአዋሹን ልጅ ወደ ፈረሰው ቤት የላከችው እርሷ ኖራለች። እኛ በሰውና በእንስሳ መካከል ምሕረትን ልናካፍል ሌሊቱን ስንከራከር፣ በሸራ ሥር ያለችው ሴት ሳትከራከር ሁለቱንም በልቧ ይዛ ነበር።

ዘንድሮም በ2018 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በጥቂት ቀን ልዩነት በየካቲት ገብተዋል። የእስልምና ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይጎተታል፤ ስለዚህ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ሁለቱ ጾሞች ይራራቃሉ። አብረን የምንጾምበት ዕድል ሳያልፍ የምንለው ይህ ነው። እያንዳንዱ መኝታ ክፍል አንድ ጣሳ ያኑር። የጾም ወጪያችሁን ጽፋችሁ ከፍስኩ ጋር አስተያዩት፤ ካልቀነሰ ጾሙን ሳይሆን ራሳችሁን ጠይቁ። የተረፈው ለማን ይድረስ ለሚለው ሩቅ አትሂዱ፤ በየክፍላችሁ ቤቱ የተቸገረና አፉን የማይከፍት አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ጋ አፉን እስኪከፍት ድረስ አላወቅነውም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ማስታወቂያ እንጨምር። ሰባት ባለፈው ወር ሦስት ወልዳለች፤ አንዱ ጥቁር ነው፣ ሁለቱ እንደ እናታቸው ዝንጉርጉር ናቸው። ግልገል የሚፈልግ በረንዳችን ድረስ ይምጣ። የምንጠይቀው ሃይማኖቱን አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊያስከትብላት፣ ሽንኩርት ከነካው ወጥ ሊጠብቃትና በጾም ወራት ሎጊያ ሊወርድላት ይችል እንደሆነ ብቻ ነው። ጣሳም ይዞ ይምጣ።