ሰፈሩ ሲለወጥ መንገዱን ማን ያሳየን?

ዛሬ የምናወጋው ስለ ደም ግፊትም ስለ ክትባትም አይደለም። ስለ ስልክ ካርታ ነው። «ሲስተር ደግሞ ዛሬ ምን ነካት?» እንዳትሉኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ጤና ላይ ነው።

ታላቅ እህቴ 74 ዓመቷ ነው። ከ40 ዓመት በላይ የኖረችው ካዛንቺስ ነው። ልጆቿን የዳረችውም ባሏን የሸኘችውም ከዚያው ቤት ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ እንደ ጎረቤቶቿ ሁሉ ዕቃዋን ጭና ወደ ገላን ጉራ ሄደች። ቤቱ ደህና ነው፤ የራቃት ዕድሩ፣ ዑራኤልና እኔ ነን።

አንድ ወር በ22 ቀን ዑራኤል ልታስቀድስ በጠዋት መጣች። ቀጠሯችን ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣች በቀጥታ መሿለኪያ አካባቢ ወዳለው ቤቴ መጥታ አብረን ቁርስ እንድንበላ ነበር። እሷ ግን «የድሮ ቤቴን ቦታ አይቼ ልሂድ» ብላ ወደ ካዛንቺስ ዘለቀች። የስኳር ክኒኗን ማለዳ ውጣለች። እህል ግን በአፏ አልዞረም።

4 ሰዓት ሆነ፤ 5 ሰዓትም አለፈ። ደወልኩ።

«የት ነሽ እትዬ?»

«ካዛንቺስ ነኝ።»

«ካዛንቺስ የት ጋ?»

«ከዳቦ ቤቱ ዝቅ ብሎ።»

ዳቦ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ድምጿ ነው። ይጎተታል፤ ቃል ይደጋግማል። በሥራ ዘመኔ ያንን ድምፅ ብዙ ሌሊት ሰምቼዋለሁ።

ስልኳ ላይ ልጇ የጫነላት የካርታ መተግበሪያ ነበር። እሷም አልሰነፈችም፤ ከፍታዋለች። ካርታው ግን ያሳያት የነበረው በልቧ የምታውቃቸውን እነዚያኑ የድሮ ጠባብ መንገዶች ነው። ስልኩ «ትክክል ነሽ» ይላታል፤ ዓይኗ ደግሞ ሰፊ አስፋልትና አዲስ የእግረኛ መንገድ ያያል። የዳታ ጥቅሏም አልቆ ስለነበር ያለችበትን ቦታ ልትልክልኝ አልቻለችም።

ያዳናት የመኪና ማቆሚያ የሚያስከፍል ወጣት ነው። ስልኩን ተቀብሎ «እማማን በጣም አልቧቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ» አለኝ። «የስኳር ሕመምተኛ ናቸው ልጄ፣ ለስላሳ ግዛላቸው፤ ዳየት የሚባለውን ሳይሆን ስኳር ያለውን» አልኩት። ቀጥሎም የት እንዳሉ ጠየቅኩት። እሱ ዛሬ ቆሞ የሚታየውን ሕንፃ ነገረኝ። ታክሲ ይዤ ስደርስ እህቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ አገኘኋት። «ሰፈሬ ጠፋኝ» አለችኝ። እኔም አልቅሼ ነበር፤ አልደብቃችሁም።

ይህን ያነሳሁት ከእህቴ ጋር የሚመሳሰሉ ብዙ እናቶችና አባቶች ስላሉ ነው። ስኳር የወረደበት ሰው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይበሳጫል፣ ግራና ቀኙንም ይስታል። ስለዚህ «መንገድ ጠፋቸው» ብለን የምናልፈው አንዳንዱ ጊዜ የሰውነት ስኳር ማነስ ነው። ሰውዬው መዋጥ ከቻለ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ መስጠትና ከ15 ደቂቃ በኋላ ማየት ነው፤ ካልተሻለው ይደገማል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ ቶሎ ወደ ሕክምና ይወሰዳል።

ወደ ካርታው እንመለስ። እኛ አዲስ አበቤዎች መንገድ የምናውቀው በስምና በቁጥር አይደለም። የመንገድ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ቢኖርም ማንም አይጠራበትም። ፖስታችን እንኳ ቤታችን አይመጣም፤ ሳጥን ቁጥር ነው ያለን። «ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብሎ፣ ከፋርማሲው ገባ ብሎ» ስንባባል ኖረናል። የካዛንቺስ ስሙም የመጣው ከሕንፃ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበረው፤ በእነሱ ቋንቋ «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ የነበሩት የዚያ ድርጅት ቤቶች ናቸው በእኛ አፍ ካዛንቺስ የሆኑት። ምልክቱ ሲፈርስ ታዲያ አድራሻውም አብሮ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ ነው ስልኩ የግድ የሚሆነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ 11ኛ ክፍል የሚማረውን የልጅ ልጄን አስቀመጥኩትና «የትኛው ይሻላል?» አልኩት። «አያቴ፣ ሁሉም ያው ነው» አለኝ። ያው አለመሆኑን ለማየት ሦስት መተግበሪያዎች ስልኬ ላይ ጫንን። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመሿለኪያ ተነስተን፣ በመስቀል አደባባይና በባምቢስ አድርገን እስከ ዑራኤል፣ ከዚያም እስከ ካዛንቺስ በእግራችን ሄድን። ለጉልበቴም ደግ ሆነልኝ። ከዚያ ጉዞ የተረፉኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ መተግበሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ጠይቁባቸው።

አንደኛ፣ ዳታ ሲያልቅ ይሠራል ወይ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ስልኩ ያለንበትን የሚያውቀው 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ከሚዞሩ የጂፒኤስ ሳተላይቶች በሚመጣ ምልክት ነው። ስልኩ ያዳምጣል እንጂ አይናገርም፤ ለዚህ ካርድም ዳታም አይቆጥርም። ዳታ የሚበላው የካርታው ሥዕል ነው። ካርታው አስቀድሞ በዋይፋይ ከወረደ ነጥቧ ያለ ዳታም ትንቀሳቀሳለች። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ግን ምልክቱ ግድግዳ እየነካ ስለሚመለስ ነጥቧ ጥቂት ሜትሮች ልትዘል ትችላለች፤ ገላጣ ቦታ ወጥቶ መጠበቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ያለ ዳታ ለእግረኛ መንገድ ይመራል ወይ? ብዙዎቻችን መኪና የለንም። ጎግል ማፕስ የአዲስ አበባን ካርታ ማውረድ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ዳታ ሲጠፋ የሚሰጠው የመኪናን መንገድ እንጂ የእግረኛውን አይደለም። የወረደው ካርታም በየጊዜው ካልታደሰ ጊዜው ያልፍበታል። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ የሚባሉት ደግሞ ያለ ዳታም የእግር መንገድ ያሳያሉ። ኦርጋኒክ ማፕስ በነፃ ነው፤ ማስታወቂያ የለበትም፤ የአረጋዊ ጣት ሳያስበው የሚነካው ብቅ የሚል ነገር የለም። ለእህቴ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ሦስተኛ፣ ካርታው ምን ያህል አዲስ ነው? የአንዱ ዝና ወይም የኮከቡ ብዛት አይንገራችሁ። በቅርቡ የተለወጠ፣ እናንተ አብጥራችሁ የምታውቁትን አንድ ቦታ ክፈቱና እዩ። የፈረሰው አሁንም ካለ፣ አዲሱ መንገድ ከሌለ፣ ለዚያ ሰፈር ያንን አትመኑ። ሌላ ሰፈር ላይ ግን እሱ ራሱ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ በእኛ አጠራር ቦታ ያገኛል ወይ? «መሿለኪያ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉ። ካላገኘ በላቲን ፊደል ሞክሩ። ሱቅ፣ ፋርማሲና ሆቴል በስም ለመፈለግ እንዲሁም የመኪና መጨናነቅን ለማየት ጎግል ይመቻል፤ ገጹንም ወደ አማርኛ መለወጥ ይቻላል።

አምስተኛ፣ ያለንበትን ለቤተሰብ መላክ ይቀላል ወይ? ልጆች «ሎኬሽን ላኪልኝ» የሚሉት ነው። በጎግል ማፕስ ለ1 ሰዓት ወይም እስኪዘጋ ድረስ ማጋራት ይቻላል። በቴሌግራምም ለ15 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት ወይም ለ8 ሰዓት የሚቆይ አለ። ይህ ግን ያለ ዳታ አይሄድም። ስለዚህ ለእናታችሁ ስልክ ስትገዙ ትንሽ የዳታ ጥቅል አብራችሁ ግዙ፤ ማለቂያ ቀኑንም እናንተ ያዙላት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰዓቱን አስተውሉ። ካርታው «በ9:45 ትደርሳለህ» ሲል በእኛ አቆጣጠር 3:45 ማለቱ ነው። የዕድር ጓደኛዬ በዚህ የተነሳ ቀጠሮዋ ቀን 9 ሰዓት መስሏት የዓይን ሕክምናዋ አልፎባታል። ለአባቶችና ለእናቶች ይህን ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው።

እኛ ምን መረጥን? ሁለቱን። በእኔ ስልክ ጎግል ማፕስም ኦርጋኒክ ማፕስም አለ፤ አንዱ ለፍለጋና ቦታ ለመላክ፣ ሌላው ዳታ ሳይኖር በእግር ለመሄድ። በእህቴ ስልክ ግን አንድ ብቻ፣ ኦርጋኒክ ማፕስን፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻውን አስቀመጥንላት። ገላን ጉራ ያለው ቤቷ፣ የእኔ ቤት፣ ዑራኤልና የስኳር ክትትሏን የምታደርግበት ጤና ጣቢያ፣ አራት ቦታዎች በስማቸው ተመዝግበዋል። ከዚያ በላይ አልጨመርንም። ለአረጋዊ ሰው አማራጭ ሲበዛ ግራ መጋባት ይበዛል። ሦስት ጊዜ አብሬያት ሄጄ ስልኩን እሷ ራሷ እንድትይዝ አደረግኩ። ልጇ «ስጪኝ እኔ ላሳይሽ» እያለ ከእጇ ሲነጥቅ ነበር ከመጀመሪያውም ያልተማረችው።

ቦታ ማጋራቱ ላይ ግን ተጨቃጨቅን። ልጇ እስኪዘጋ ድረስ የሚቆየውን ሳይነግራት ሊከፍትባት አሰበ። እኔ አልተስማማሁም። ታማሚ ሳናማክር መርፌ እንደማንወጋው ሁሉ፣ ሰው ሳያውቅ መከታተልም ልክ አይደለም። ነገርናት። «ዕድር ስሄድም ታዩኛላችሁ?» አለች። «እናያለን» አልናት። ጥቂት አሰበችና «በ22 እና ሕክምና በምሄድበት ቀን ብቻ» ብላ ወሰነች። ውሳኔዋ እስከ ዛሬ ይሠራል። እንደ ትናንት የማስታወስ ችግር የጀመራቸው ወላጆች ያሏችሁ ግን፣ ገና መረዳትና መወሰን ሳሉ ከእነሱ ጋር ተመካክራችሁ ይህን አስቀድሙ።

ለድንገተኛ ጉዳይም ልንገራችሁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ በ939 ይጠራል። ስትደውሉ «ከድሮው እንትን ጀርባ» አትበሉ፤ ሾፌሩ ድሮውን ላያውቀው ይችላል። ዛሬ ቆሞ የሚታይ ነገር ንገሩት፣ ክፍለ ከተማና ወረዳውን ጨምሩ፣ አንድ ሰውም የስልኩን መብራት አብርቶ ዋናው መንገድ ላይ ይጠብቅ። በሥራ ዘመኔ ታማሚው ዘግይቶ የደረሰው መንገዱ ሩቅ ሆኖ ሳይሆን ቤቱ ሳይገኝ ቀርቶ የሆነበትን ጊዜ አይቻለሁ።

ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ወረቀት ይኑር። ስም፣ የሁለት ሰው ስልክ ቁጥር፣ የሚወሰደው መድኃኒትና «የስኳር ሕመምተኛ ነኝ» የሚል ቃል። የስልክ ባትሪ ያልቃል፤ ካርታ ሲከፈትማ ቶሎ ነው የሚያልቀው። ወረቀት አያልቅም። ሁለት ከረሜላም አብሮ ይኑር።

በመጨረሻ የልጅ ልጄ ያሳየኝን ላካፍላችሁ። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ ካርታቸውን የሚወስዱት ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባል፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ከተጀመረና ማንም ሰው ሊያርመው ከሚችል ካርታ ነው። አንድ ማታ እህቴን አጠገቡ አስቀምጦ በሰፈሯ የተሳሳተውን ያርም ጀመር። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። «ይሄኛው መንገድ የለም፣ ሰርዘው» አለችው። ሰረዘው። ዝም አለች፤ ከዚያም «አዲሱን አስገባ፤ ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይጠፋ» አለችው።

እናንተም በዚህ ሳምንት ከልጆቻችሁ ጋር አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ ስልካችሁን ፈትሹ። ካርታ አውርዱ፣ ቤታችሁን መዝግቡ፣ አንድ ጊዜም አብራችሁ ወጥታችሁ ሞክሩት። ቁርስ ሳትበሉ ግን አትውጡ!

ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።