ፎዬን ስናስታውስ

ማርክ-ቪቪየን ፎዬ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ሜዳ ላይ ሲወድቅ ነው። ሰኔ 19 ቀን 1995 ዓ.ም፣ ሊዮን ከተማ፣ ካሜሩን ከኮሎምቢያ፣ 72ኛው ደቂቃ። ማንም ሳይነካው ወደቀ፣ አልተነሳም። ገና 28 ዓመቱ ነበር።

ግን ፎዬ ማለት አወዳደቁ ብቻ አይደለም። የያውንዴ ልጅ ነው። በ19 ዓመቱ የአሜሪካውን ዓለም ዋንጫ ተጫወተ። ከላንስም ከሊዮንም ጋር የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነ። ማንቸስተር ሲቲ በድሮ ሜዳው ሜይን ሮድ ያገባት የመጨረሻዋ ጎል የሱ ናት፤ ክለቡም 23 ቁጥር ማሊያውን ከሱ በኋላ ለማንም አልሰጠም።

የገደለው የልብ ጡንቻ መወፈር ነው። ጠንካራ ወጣት ውስጥ ምልክት ሳያሳይ ሊቀመጥ የሚችል ችግር! በ2013 ዓ.ም ኤሪክሰንም ሜዳ ላይ ወደቀ፤ እሱ ግን ተረፈ። ዕድል ብቻ አይደለም፤ ወዲያው ደረቱን የተጫኑለት፣ በኤሌክትሪክ ልቡን ያስነሱለት ሰዎች አጠገቡ ነበሩ።

ወደኛ እንምጣ። እኛ አስተማሪዎች የትምህርት ቤት ውድድር ስናዘጋጅ ለዋንጫና ለማሊያ ብር እናዋጣለን። አንድ ተማሪ ድንገት ቢወድቅስ? ውሃ እናፈሳለን፣ እናራግባለን፣ ክብሪት እናሸታለን። ትንፋሹ ለቆመ ልጅ ግን አምቡላንስ እስኪደርስ የሚያስፈልገው ደረቱን መሃል ላይ በሁለት እጅ ጠንከር አድርጎ መጫን ነው፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። የጤና ባለሙያ ጠርቶ ይሄን ለመማር ግማሽ ቀን ይበቃል፤ የዋንጫውን ያህል ብርም አይጠይቅም።

ርዕሳነ መምህራን፣ የስፖርት መምህራን፣ እስቲ ከሚቀጥለው ውድድር በፊት እንጀምረው። ለኔ ፎዬን ማስታወስ ማለት ይሄ ነው።