ከውዱእ በኋላ እግራችንን እንይ

ስኳር በሽታ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ ጠጠር ቢወጋ፣ ሙቅ ውሃ ቢያቃጥል ላይሰማ ይችላል። የደም ዝውውርም ስለሚደክም ትንሿ ቁስል ሳትታይ ከሰነበተች እግር እስከማስቆረጥ ትደርሳለች። እኛ ደግሞ በቀን እስከ አምስቴ እግር የምናጥብ ሰዎች ነን! በጣቶቹ መሃል አጥበን ግን እንደረጠበ ወደ ሶፍ እንሮጣለን። እርጥበቱ ቆዳውን ያላላል፤ ፈንገስም ይወደዋል።

ስኳር ያለባችሁ፣ ወላጆቻችሁም ያለባቸው፣ የግል ፎጣ ይኑር፤ በጣቶች መሃል አድርቁ፣ ውስጥ እግርንም እዩ። ቁስል ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የሞቀ ውሃ በክርን ይሞከር እንጂ በእግር አይሁን።

ለጀማዓችን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ውዱእ ማድረጊያችን መቀመጫ የለውም። በሚያንሸራትት ሲሚንቶ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ውስጥ እግሩን የሚያይ ማን ነው? ብረቱ ከተገኘ አግዳሚውን እኔና የክፍል ጓደኞቼ ቅዳሜ እንበይዳለን፣ ኢንሻአላህ።